አላይመንት ያለቀ መሪ አያድንም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

መሪው ወደ አንድ ጎን የሚጎትት፣ የፊት ጎማው በአንድ ጠርዝ ተበልቶ የተላጨ፣ ወይም ፍጥነት ሲጨምር መሪው እጅ ላይ የሚንቀጠቀጥ መኪና ያለው ሰው መጀመሪያ የሚሄደው አላይመንት ቤት ነው። ይከፍላል፤ ስክሪኑ ላይ ቁጥሮቹ አረንጓዴ ሲሆኑ አይቶ ይወጣል። ብዙ ሳይቆይ መሪው ወደ ድሮ ጠባዩ ይመለሳል። ያኔ «ማሽኑ ልክ አይደለም» ይባልና ሌላ አላይመንት ቤት ይኬዳል። ብዙውን ጊዜ ግን ማሽኑ ልክ ነበር፤ የተሳሳተው ቅደም ተከተሉ ነው። ጎማውን ከመሪውና ከክንዱ ጋር የሚያገናኙት መገጣጠሚያዎች፣ ቦል ጆይንቱ ወይም ታይሮድ ኤንዱ፣ ላለቁበት መኪና አላይመንት ሊሠራለት አይገባም። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ባለመኪናውም አላይመንት ሠሪውም ማሽኑን ከማስነሳታቸው በፊት ከሥር ያለውን እንዲፈትሹ፣ እንዴት እንደሚፈተሽም እንዲያውቁ ነው።

አላይመንት የሚያስተካክለው ጎማዎቹ የሚያዩበትን አቅጣጫ ነው። ማሽኑ የሚለካውም መኪናው ቆሞ ሳለ ያለውን ቦታ ነው። መገጣጠሚያው ከላላ ጎማው ሲቆም የሚያርፍበት ቦታና ሲሄድ የሚይዘው ቦታ ለየቅል ይሆናሉ። መኪናው ሲንቀሳቀስ መሬቱ ጎማውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ፍሬን ሲያዝ ይብስበታል፤ ጉድጓድ ሲገባ ደግሞ ወደ ሌላ ጎን ይመታዋል። ወረቀቱ ላይ የታተመው ቁጥር እውነት የሚሆነው መኪናው ከአላይመንት ቤቱ በር እስኪወጣ ድረስ ብቻ ነው።

ልዩነቱ ትንሽ እንዳይመስል እናስላው። የጎማው ቁመት 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ መኪና እንውሰድ። በሁለቱ የፊት ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ከፊት በኩልና ከኋላ በኩል ሲለካ በ5 ሚሊ ሜትር ቢለያይ፣ እያንዳንዱ ጎማ በ1 ኪሎ ሜትር ጉዞ 4 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይፋቃል። አዲስ አበባና አዳማን ደርሶ መልስ 200 ኪሎ ሜትር ብንለው፣ ጎማውን 800 ሜትር ያህል በጎኑ አስፋልት ላይ እንደመጎተት ነው። ያን ያህል ልዩነት ለመፍጠር ደግሞ ከሁለቱ ታይሮድ ኤንዶች የየአንዳንዳቸው ጥቂት ልቅነት ይበቃል።

ከመሪው እስከ ጎማው ያለውን ማወቅ ፍተሻውን ያቀላል። ከመሪው የሚወርድ ዘንግ አለ፤ ዘንጉ ላይ ክሮቼራዎች፣ ማለትም ዘንጉ እየታጠፈ እንዲዞር የሚያደርጉ መገጣጠሚያዎች አሉ፤ ከታች ጥርሱ አለ። በኮሮላ፣ በያሪስና ከ2004 እ.ኤ.አ. ወዲህ በመጣው ሃይስ ጥርሱ ራክ የሚባለው ነው፤ ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ጥርስ ረጅሙን ጥርሳም ብረት ግራና ቀኝ ትገፋለች። ከራኩ ሁለት ጫፍ ራክ ኤንድ ይቀጥላል፤ በእሱ ላይ ታይሮድ ኤንድ ይታሰርና ጎማውን ይገፋል። በ70 ተከታታይ ላንድክሩዘር፣ በአይሱዙ ኤንፒአርና በሲኖትራክ ደግሞ ቅባት የያዘ የመሪ ሳጥን አለ። ከሳጥኑ የወጣው ክንድ አንድ ባራ (የብረት ዘንግ) ይገፋል፤ ባራው አንዱን ጎማ ያዞራል፤ ሁለቱን ጎማ የሚያያይዘው ረጅም ባራ ደግሞ ሌላውን ያስከትላል። ቦል ጆይንት የሚባለው ጎማው ሲዞርም ሲዘልም ከሻሲው ወደ ጎማው በተዘረጋው ክንድ ላይ የሚይዘው ኳስ ነው። የአብዛኞቹ የቤት መኪኖች ቦል ጆይንትና ታይሮድ ኤንድ ውስጣቸው አንድ ዓይነት ነው፤ የተወለወለ የብረት ኳስ በፕላስቲክ ጎጆ ውስጥ ተቀምጦ፣ ግሪስ ተሞልቶ፣ በላስቲክ ቆብ ተሸፍኗል።

የሁሉም ነገር መነሻ ያ የላስቲክ ቆብ ነው። ቆቡ ሲቀደድ በበጋ የኮንስትራክሽን አቧራ፣ በክረምት ጭቃና ውሃ ይገባል። አቧራው ከግሪሱ ጋር ተለውሶ እንደ ሞረድ ኳሱንም ጎጆውንም ይበላል፤ ውሃው ኳሱን ያዝገዋል። ስለዚህ መኪናዎ ገና ሳይንኳኳ ከሥሩ ጎንበስ ብለው የሚያዩት የተሰነጠቀ ቆብ ከድምፅም ከመንቀጥቀጥም የቀደመ ማስጠንቀቂያ ነው። ቆቡ ዛሬ ተቀዶ ውስጡ ያለው ግሪስ ገና ንጹሕ ከሆነ ቆቡን ብቻ መቀየር ይቻላል። ግሪሱ በጣት ሲታሽ የሚሻክር ከሆነ ግን ቆብ መቀየር አቧራውን ውስጥ ዘግቶ ማስቀመጥ ነው፤ መገጣጠሚያው ራሱ ይቀየር።

ብዙ ሰው የመሪውን ጤንነት የሚለካው መሪውን ነቅነቅ አድርጎ ነው። ይህ መለኪያ አስፈላጊ ቢሆንም ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። በትክክል ለመለካት ጎማዎቹን ቀጥ አድርጎ ማቆም፣ መሪው በሃይድሮሊክ የሚረዳ ከሆነ ሞተሩን ማስነሳት፣ መሪው ዙሪያ ላይ በጠመኔ ወይም በፕላስተር ምልክት ማድረግና ማስመሪያ አጠገቡ መያዝ ነው። አንድ ሰው ውጭ ሆኖ የፊት ጎማውን ያያል፤ ሌላው መሪውን በቀስታ ያዞርና ጎማው ሊንቀሳቀስ ሲል ያቆማል። በሁለቱ አቅጣጫ ባዶ የዞረው ርቀት በትንንሾቹ የቶዮታ መኪኖች ከ30 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። አሜሪካ የጭነት መኪና የሚነዱ ወገኖቻችን ለመንጃ ፈቃድ ሲፈተኑ የሚጠቅሱት ልክ 10 ዲግሪ ነው፤ 20 ኢንች ስፋት ባለው መሪ ላይ 2 ኢንች፣ ማለትም 5 ሳንቲ ሜትር ያህል።

ግማሹን ብቻ የሚናገርበትን ምክንያት እናስረዳ። ልቅነቱ ሁለቱ ጎማዎች በሚጋሩት ቦታ፣ በዘንጉ ወይም በክሮቼራው ወይም በጥርሱ ላይ ከሆነ እጅ ላይ ጎልቶ ይሰማል። መሪው አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር 45 ሚሊ ሜትር የሚሄድ ራክ ላይ፣ ጥርሱ ጋ ያለች የ1 ሚሊ ሜትር ልቅነት መሪው ዙሪያ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ሆና ትታያለች። ያለቀው የግራው ታይሮድ ኤንድ ብቻ ከሆነ ግን መሪው ላይ ምንም ላይሰማ ይችላል። መሪው ሲነካ ጥብቅ የሆነው የቀኙ ጎማ ወዲያው ይቋቋማል፤ እጅም «ደህና ነው» ብሎ ይፈርዳል። የግራው ጎማ ግን እንደፈለገ ይወዛወዛል። መሪው ጥብቅ ስለሆነ ብቻ «ችግር የለውም» ተብሎ የሚታለፈው መኪና ይህ ነው፤ ከሁሉም አብልጦ የሚያሳስበንም እሱ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛው ፍተሻ ከሥር ነው፤ ሲጀመርም መኪናው በአራት ጎማው መሬት ላይ ቆሞ ነው። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ክሪክ ያነሣል፤ ለታይሮድ ኤንድ ይህ ስህተት ነው። ጎማው አየር ላይ ከተንጠለጠለ የሚቋቋም ነገር ስለሌለ ልቅነቱ ሳይታይ አብሮ ይዞራል። መሬት ላይ ሲሆን ግን ጎማው በክብደቱ ተይዞ ይቆማል፤ ባራው ሲገፋና ሲስብ ክፍተቱ ሁሉ መገጣጠሚያው ላይ ይወጣል። ሞተሩ ይነሣል፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዛል፤ ረዳቱ መሪውን ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ብቻ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ቶሎ ቶሎ ይነቀንቃል። ፈታሹ ጣቶቹን ግማሹን መገጣጠሚያው ላይ፣ ግማሹን የተያያዘበት ክንድ ላይ ያሳርፋል። ጤነኛ መገጣጠሚያ ሁለቱን እንደ አንድ ብረት ያንቀሳቅሳቸዋል። ያለቀው አንዱ ቀድሞ ሌላው ይከተላል፤ ጣት ሥር «ጠቅ» የምትል ምት አለችው። ያች ምት ከተሰማች ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ታይሮድ ኤንዱን በትልቅ ፒንሳ ቁልቁል ጨምቆ «ይኸው ተንቀሳቀሰ» ማለት አይገባም። ብዙዎቹ ውስጣቸው ስፕሪንግ ስላላቸው አዲሱም ሲጨመቅ ጥቂት ይገባል። መፈተን ያለበት በእጅ ጉልበትና በመሪው በራሱ ነው።

በዚያው ፍተሻ ራክ ኤንዱንም ማየት ይቻላል። ራኩ ጫፍ ላይ ያለውን ሽብሽብ ላስቲክ ጨመቅ አድርጎ ውስጡ ያለውን ኳስ በጣት መያዝና ረዳቱ ሲነቀንቅ መዳሰስ ነው። ሽብሽቡ ላስቲክ ሲጨመቅ ዘይት ከተንቦጫቦጨበት በሃይድሮሊክ መሪ ላይ ሲል የሚባለው የራኩ ዘይት ማገጃ ላስቲክ ተበልቷል ማለት ነው። በኤሌክትሪክ መሪ ላይ ግን ራኩ ዘይት ስለማይሠራበት እርጥበቱ ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ ራኩን ያዝገዋል። ራኩን ከሻሲው ጋር የሚያስሩት የላስቲክ ቡሾችም ይታዩ። መሪው ሲነቀነቅ ራኩ ራሱ በሙሉ ግራ ቀኝ ከሄደ ችግሩ ከታይሮዱ ሳይሆን ከቡሹ ነው። ይህን ሳያዩ ራክ የሚያስቀይሩ አሉ፤ የዋጋው ልዩነት የትየለሌ ነው።

ክሪክ የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው። የኋላ ጎማዎች በታኮ ይያዙ፤ መኪናው ከፍ ሲል የብረት ማቆሚያ ሻሲው ሥር ይግባ። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። ከዚያ ጎማውን ላይና ታች ይዞ መግፋትና መሳብ፣ ቀጥሎ ግራና ቀኝ ይዞ መግፋትና መሳብ ነው። ግራና ቀኝ ሲያዝ ብቻ ከተጫወተ ታይሮዱን ይጠርጥሩ። ላይና ታች ሲያዝ ከተጫወተ ቦል ጆይንት ወይም የጎማው ኩሽኔታ ነው። በሁሉም አቅጣጫ ከተጫወተ ኩሽኔታው ይበልጥ ይጠረጠራል። ሁለቱን ለመለየት ረዳቱ ፍሬን ይርገጥ፤ ፍሬን ሲያዝ መጫወቱ ከቆመ ኩሽኔታው ነው፤ ከቀጠለ ቦል ጆይንቱ ነው። ይህች ቀላል ዘዴ ብዙ ደህና ኩሽኔታ ያለ ጥፋቱ ከመነቀል ታድናለች።

ክሪኩ የሚገባበት ቦታ ውጤቱን ይቀይረዋል። በኮሮላና በመሰሎቹ የፊት ሞላው ከሾክ አብዞርበሩ ጋር አንድ ላይ ቆሞ ከላይ ስለሚያርፍ የታችኛው ቦል ጆይንት ክብደት አይሸከምም፤ ሻሲውን ማንሣትና ጎማውን ማንጠልጠል ይበቃል። ሞላው ወይም ቶርሽኑ (እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራው ዘንግ) የታችኛው ክንድ ላይ በተጫነበት መኪና ግን ሻሲውን ካነሡ የሞላው ጉልበት ቦል ጆይንቱን ጨምቆ ይይዘዋል፤ ፈጽሞ ያለቀ ኳስ ጥብቅ መስሎ ይታያል። እዚያ ላይ ክሪኩ የሚገባው የታችኛው ክንድ ሥር፣ በተቻለ መጠን ለቦል ጆይንቱ ቀርቦ ነው። ሞላው የትኛው ክንድ ላይ እንዳረፈ ሳያዩ ክሪክ አያስገቡ። ከተነሣ በኋላ ትንሽ ዲጅኖ ጎማው ሥር አስገብቶ በቀስታ ሽቅብ ማንሣት፣ ዓይንን ከቦል ጆይንቱ አለማንሣት ነው።

ከመሪው ዘንግ ላይ ያሉት ክሮቼራዎች የሚፈተኑት በእጅ ነው። ክሮቼራውን ጨብጦ ረዳቱ መሪውን ሲነቀንቅ የላዩና የታቹ ሹካ እኩል መንቀሳቀስ አለባቸው። ኮሮላና ቪትዝ ላይ ዳሽቦርዱ ሥር፣ እግር አካባቢ የሚሰማው «ቋ» የሚል ድምፅ ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው የሚመጣው። ቶዮታ በኅዳር 2005 ዓ.ም. ፕሪየስንና ኮሮላን ጨምሮ በዓለም ዙሪያ 2.77 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን ለጥገና ሲጠራ ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ይኸው ዘንግ ነበር። በዝግታ እየተሄደ መሪውን ደጋግሞ በኃይል እስከ መጨረሻው ማዞር ዘንጉ ከጥርሱ ጋር የሚገናኝባቸውን ጥርሶች እንደሚያበላሽ ኩባንያው ራሱ ገልጿል። ጠባብ ቦታ ላይ መኪና ስናቆም በየቀኑ የምናደርገው ይህንኑ ነው። መሪውን መጨረሻው ላይ ሲደርስ ጥቂት መመለስና መኪናው ትንሽ ሲንቀሳቀስ ማዞር የዘንጉንም፣ የራኩንም፣ የፓምፑንም ዕድሜ ያስረዝማል።

ቪትዝን ካነሣን አንድ ነገር እንጨምር። ቪትዝ የሚለው ስም ቶዮታ ለጃፓን ገበያ ያወጣው ነው፤ እዚያ ደግሞ መሪው በቀኝ ነው። ስለዚህ ከፋብሪካው ቪትዝ ሆኖ ወጥቶ እዚህ በግራ መሪ የሚሄድ መኪና መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ ነው። በጥንቃቄ የዞረም አለ፣ ያለ ጥንቃቄ የዞረም አለ። እንዲህ ያለ መኪና የሚገዛ ሰው ዳሽቦርዱ ሥር በባትሪ አብርቶ የመሪው ዘንግ ላይ የብየዳ ምልክት መኖሩን፣ የመሪው ማሰሪያ ብረት ከሻሲው ጋር በብሎን መታሰሩን ወይም መበየዱን፣ ራኩም የተሟላና ከያሪስ፣ ማለትም በግራ መሪ ከሚሠራው የቪትዝ አቻ፣ የመጣ መሆኑን ያጣራ። የተበየደ የመሪ ዘንግ ያየ ሰው ዋጋ አይደራደር፤ መኪናውን ይተወው።

ከባድ መኪኖች ላይ ነገሩ ይለያል። አይሱዙና ሲኖትራክ የፊት አክስላቸው አንድ ወጥ ብረት ነው፤ ጎማው የሚዞረው በቦል ጆይንት ሳይሆን ኪንግ ፒን በሚባል የቆመ ወፍራም ፒን ላይ ነው። ኪንግ ፒኑ ከላይና ከታች ቡሽ አለው፤ ቡሹ የሚኖረው በግሪስ ነው። አክስሉ ይነሣል፤ የኩሽኔታው ልቅነት እንዳይደባለቅ ረዳቱ ፍሬን ይረግጣል፤ ጎማው ላይና ታች ተይዞ ይገፋል። ከተጫወተ ቡሹ ወይም ፒኑ አልቋል። ጎማውን ከሥር በዲጅኖ ሽቅብ ሲያነሡት በአክስሉና በጎማው ጉልበት (ጎማውን ይዞ በሚዞረው ብረት) መካከል የሚታየው ክፍተት ከበዛ ደግሞ ክብደት ተሸካሚው ኩሽኔታ ተበልቷል። ግሪስ ሲገባ አሮጌው ከየቡሹ ጠርዝ ወጥቶ አዲሱ እስኪታይ ድረስ ይሁን፤ አንዱ ኒፕል (የግሪስ መግቢያ) አልቀበል ካለ መዝለል ሳይሆን ነቅሎ ማጽዳት ነው። የማይገባበት ቡሽ ማለት በጥቂት ወራት የሚያልቅ ቡሽ ማለት ነው። ከጎሐ ጽዮን ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት ሙሉ ጭነት ይዞ የሚያልፍ ሹፌር መሪውን የሚያዞረው በየደቂቃው ነው፤ እዚያ ላይ የላላ ኪንግ ፒን ከላላ ፍሬን አይተናነስም።

የመሪው ሳጥንም በራሱ ይፈተናል። ወደ ሳጥኑ የሚገባው ዘንግ ሲዞር ከሳጥኑ የሚወጣው ክንድ ሳይዘገይ መነሣት አለበት። ሳጥኑን ከሻሲው ጋር የያዙት ብሎኖች ዙሪያ ዝገት የመሰለ ቀይ ዱቄት ካለ ብሎኑ እየተንቀሳቀሰ ነው፤ የሻሲው ብረትም ተሰንጥቆ እንደሆነ በሽቦ ብሩሽ አጽድቶ ማየት ይገባል። ሳጥኑ ላይ ያለችውን ማስተካከያ ብሎን አጥብቆ ልቅነቱን ማጥፋት የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜም ጉዳት ነው። መኪና አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ቀጥ ብሎ ስለሆነ የጥርሱ የሚበላው ክፍል መሐሉ ነው። መሐሉ እስኪጠብቅ ብሎኑ ከጠበቀ፣ ያልተበሉት የግራና የቀኝ ጥርሶች ከልክ በላይ ተጨናንቀው መሪው ከተጠመዘዘበት አይመለስም። ከጠመዝማዛ መንገድ ወጥቶ መሪው በራሱ የማይመለስ መኪና ከላላ መሪ የባሰ ነው። ራክ ላይ ያለችው ማጥበቂያም በዚሁ ምክንያት ትጎዳለች።

ላንድክሩዘር ላይ አንድ ጉድጓድ ከተመታ በኋላ መሪው በኃይል ግራ ቀኝ የሚራገፍበት ሕመም አለ። የመሪውን ሾክ አብዞርበር ሲቀይሩት ለጊዜው ይተወዋል። ሾኩ ግን ሕመሙን የሚሸፍን እንጂ የሚያድን አይደለም፤ መነሻው ያለቀ ታይሮድ ኤንድ፣ የጎማው ጉልበት ኩሽኔታ ወይም የአክስሉ ቡሽ ነው። ባጃጅ ላይ ደግሞ የፊት ጎማዋን አንሥቶ ሹካውን ወደፊትና ወደ ኋላ መሳብ ነው። ከተጫወተ ወይም እጀታው ቀጥ ሲል እንደ ቦይ ውስጥ የሚገባ ከሆነ የመሪው ላይኛና ታችኛ ኩሽኔታ አልቋል።

ጎማው ራሱም ይናገራል። መዳፍን ጎማው ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ከውስጥ ወደ ውጭ ማሸት ነው፤ በአንዱ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው እንደ መጋዝ የሚቧጥጥ ከሆነ ጎማው በጎኑ እየተፋቀ ነው። እዚህና እዚያ እንደ ስኒ የተጎደጎደ ከሆነ ሾክ አብዞርበሩ ወይም የላላ መገጣጠሚያ ነው። ከ80 እስከ 110 ባለው ፍጥነት ብቻ የሚመጣ መንቀጥቀጥ በባላንስ ይጀመር፤ ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ ዲስኩን ይዩ። ባላንስ ተሠርቶ መንቀጥቀጡ ካልጠፋ ግን የላላው መገጣጠሚያ ትንሿን መዛባት እያጎላት ነው። ጠብቆ የደረቀ ቦል ጆይንትም አለ፤ አይንኳኳም፣ ነገር ግን መሪው የተውት ቦታ ላይ ይቀራል፣ ቀጥ ለማድረግም ሁልጊዜ ማረም ያስፈልጋል። ይህም ማለቅ ነው።

አሁን በየቦታው የሚሠራውን መጥፎ ጥገና በግልጽ እንጥቀስ። ያለቀ ቦል ጆይንት ጎጆውን በመዶሻ ቀጥቅጦ ማጥበብ፣ ክዳኑን መበየድ፣ ወይም ቡሹ ውስጥ የካላመዳሪ ቁራጭ መጠቅጠቅ ጥገና አይደለም። የብየዳው ሙቀት የፕላስቲኩን ጎጆ ያቀልጠዋል፤ የኳሱን ብረት የፋብሪካ ጥንካሬም ያጠፋል። ኳሱ ከጎጆው ሲወጣ ጎማው ወደ ጎን ይተኛል፤ መኪናው በ80 ሲሄድ በ1 ሴኮንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ሹፌሩ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ሲቀየር ደግሞ እንዲህ ይሁን። ታይሮድ ኤንዱ ከመፈታቱ በፊት ማቆሚያ ዳዶው ያለበት ቦታ ላይ ምልክት ይደረግ፤ አሮጌው ስንት ዙር ዞሮ እንደወጣ ይቆጠር፤ አዲሱም ያንኑ ያህል ይግባ። ይህ ወደ አላይመንት ቤት እስኪደርሱ ያቆያል እንጂ አላይመንትን አይተካም። ሾጣጣው ብረት የሚገባበት ቀዳዳ ከግሪስና ከዝገት ይጽዳ፤ ቀዳዳው ሰፍቶ ወይም ሞላላ ሆኖ ከሆነ አዲስ ታይሮድ ኤንድ አይረዳም፣ ክንዱ ራሱ ይቀየራል። ዳዶው በብዙ ኮሮላዎች ላይ በ49 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ጉልበት መለኪያ) ይጠብቃል። ዳዶው እንዳይፈታ የሚያግደው ፒን፣ የኮፒሊያው፣ ቀዳዳ ካልገጠመ ዳዶው ጥቂት ይጨመርበት፤ ቀዳዳውን ለማግኘት ተብሎ ወደ ኋላ ፈጽሞ አይላላ። ኮፒሊያው ሁልጊዜ አዲስ ይሁን፤ ምስማር ወይም ሽቦ ምትኩ አይደለም። ዕቃው ሲገዛ ቆቡ ለስላሳና ያልተሰነጠቀ፣ ኳሱ በእጅ ሲነቀነቅ እኩል የሚከብድ መሆኑ ይታይ፤ ከሳጥኑ ሲወጣ ቀለል ብሎ የሚወዛወዝ ዕቃ ከጅምሩ ያለቀ ነው። የመሪ ዘይት ሲሞላ ክዳኑ ላይ የተጻፈው ይነበብ። የፍሬን ዘይት የመሪውን ሲሎች ስለሚያበላሽ ለመሙያ እንኳ አይጠቀሙበት።

የኤሌክትሪክ መሪ ያላቸው መኪኖች ተጨማሪ ጥንቃቄ ይሻሉ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በብዛት የምናያቸው የባትሪ መኪኖች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። የኤሌክትሪክ ሞተር መሪውን ስለሚያግዝ እጅ የሚሰማው ይቀንሳል፤ ባትሪው ደግሞ ከባድ ስለሆነ መገጣጠሚያዎቹ ላይ የሚያርፈው ጫና ይበዛል። መሪው ቀላል ነው ማለት የመኪናው እግር (ጎማውን የያዙት ክንዶችና መገጣጠሚያዎች) ጤነኛ ነው ማለት አይደለም።

ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ መልካም ነው፤ የጎን መንሸራተት መለኪያ ሳህኑ ግን ጎማዎቹ በዚያች ቅጽበት የያዙትን አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያሳየው። በዋዜማው አላይመንት የተሠራለት የላላ መኪና ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ አላይመንት ቤቶችን የምንለምነው ይህን ነው፤ መኪናው ማሽኑ ላይ ከመውጣቱ በፊት መሬት ላይ ቆሞ ባለቤቱ ባለበት ይነቅነቅ፤ የላላው ለባለቤቱ በጣቱ ይዳሰስለት፤ ውጤቱ ደረሰኙ ጀርባ ይጻፍ፤ የላላ ከተገኘም አላይመንቱ ተቀይሮ እስኪመጣ ይቆይ። ጋራዦችም የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ ይስጡ። ባለመኪናውም በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ፣ ኮሮኮንች የሚበዛበት ከሆነ በየ5,000፣ አንድ ረዳት ይዞ ይህን ፍተሻ ቢያደርግ የሚወስድበት ግማሽ ሰዓት ነው።

ሥራው ካለቀ በኋላ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መሪው መሐል ላይ መቆሙን፣ ከመታጠፊያ ሲወጣም በራሱ መመለሱን ይዩ። የጎማውን ዳዶዎች በመስቀለኛ ቅደም ተከተል ያጥብቁ፤ ለኮሮላና ለቪትዝ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላም በዚያው ልክ እንደገና ይሞክሯቸው።

ከአክብሮት ጋር
በመሪና በእግር ሥራ ላይ የተሰማራን የጋራዥ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ